ክላራ ሌምሊች «ድንገት የተነሳች ልጅ» ነበረች?

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትኩት በቁጣ ነው። ለሠራተኛ ማኅበር ተጠሪዎች በተሰጠ አንድ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ የሴቶችን ድርሻ ሲያስረዳ ክላራ ሌምሊችን በሁለት ዓረፍተ ነገር አነሳት። በኒው ዮርክ አንድ አዳራሽ ውስጥ ትልልቆቹ መሪዎች ሲናገሩ አመሹ፤ አንዲት የ23 ዓመት የስፌት ሠራተኛ ትዕግሥቷ አልቆ ከሕዝቡ መካከል ብድግ አለችና አድማ ይሁን ብላ ተናገረች፤ ሃያ ሺህ ሰው ሥራ አቆመ። ይኸው ነው። ከዚያ ወደ ሻይ እረፍት ወጣን።

እኔ የስፌት መኪና ላይ ስድስት ዓመት ተቀምጬ ሠርቻለሁ። ሃያ ሺህ ሰው ይቅርና፣ በአንድ መስመር የተቀመጡ አሥራ ሁለት ሴቶችን አንድ አቤቱታ ላይ ለማስፈረም አራት ወር ፈጅቶብኛል። አንዷ ባሏን ትፈራለች፤ አንዷ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ዕዳ አለባት፤ አንዷ ፈርማ ካደረች በኋላ ጠዋት መጥታ ስሜን ሰርዢልኝ ትላለች። ስለዚህ «ብድግ አለች» የሚለው ነገር አልዋጥልኝ አለ። የማገኘውን ሁሉ አነበብኩና በመክፈቻው ጽሑፍ ላይ አሰፈርኩት።

ክላራ እ.ኤ.አ. በ1886 ዛሬ ዩክሬን በሆነው ምድር በጎሮዶክ ተወለደች። በቤታቸው የሚነገረው የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ የሆነው ዪዲሽ ነበር፤ አባቷ የሩሲያኛ መጽሐፍ ደጃፉን እንዳይረግጥ ከልክሏል። ልጅቷ የቁልፍ ቀዳዳ እየሰፋች፣ ፊደል ላልቆጠሩ እናቶች አሜሪካ ላሉ ልጆቻቸው ደብዳቤ እየጻፈች በምታገኘው ሳንቲም መጽሐፍ ትገዛና ትደብቅ ነበር። በ1903 በኪሺኔቭ ከተማ አይሁዶች ከተጨፈጨፉ በኋላ ቤተሰቡ ተሰደደ፤ እርሷም ኒው ዮርክ ገብታ የሴቶች ሸሚዝ ከሚሰፋበት ፋብሪካ ተቀጠረች። በ1906 የሸሚዝ ሠራተኞች 25ኛ ቅርንጫፍ ማኅበር ሲቋቋም ነበረችበት፤ አመራር ውስጥም ገባች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት ከፋብሪካ ፋብሪካ እየተባረረች አድማ መራች። በመስከረም 1909 ደግሞ አሠሪዎች የቀጠሯቸው ሰዎች መንገድ ላይ ጠብቀው የጎድን አጥንቶቿን ሰበሩ። ወላጆቿ እንዳይከለክሏት ቁስሏን ሸሽጋ ወደ አድማው ተመለሰች። በኅዳር አዳራሹ ውስጥ መድረክ የጠየቀችው ይህች ሴት ናት። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ድንገት የተነሳች ልጅ ትባላለች? ጥያቄዬ ይህ ነበር።

የመጀመሪያው መልስ በትሕትና አመስግኖኝ ስብሰባው የት እንደተደረገና ቀኑን ጠየቀ። ኩፐር ዩኒየን በሚባለው ተቋም ታላቅ አዳራሽ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1909 ብዬ መለስኩ። ሁለተኛው ወዲያው ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰው፤ ኅዳር 13 ቀን 1902 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ምኒልክ በጽኑ ታመው በነበረበት ወራት መሆኑን አስታወሰን። ሦስተኛው ስለ ስብሰባው ራሱ ዝርዝር ጨመረ። የአሜሪካ ሠራተኞች ፌዴሬሽን መሪ የነበረውን ሳሙኤል ጎምፐርስን ጨምሮ ተናጋሪዎቹ ሁለት ሰዓት ያህል እንደወሰዱ፣ ሁሉም ሠራተኛው እንዲያስብበት ይመክሩ እንጂ ቁርጥ ያለ ነገር እንዳላቀረቡ፣ ክላራ ግን በዪዲሽ በጥቂት ቃላት አጠቃላይ አድማ እንዲወሰን ሐሳብ ማቅረቧን ጻፈ። ሰብሳቢው ሕዝቡን ቀኝ እጁን አስነስቶ አስምሎታል፤ የገባሁበትን ቃል ብከዳ ይህች ያነሳኋት እጄ ትድረቅ የሚል መሐላ ነው።

አራተኛዋ ጸሐፊ ይህን መሐላ ስታነብ ገና በልጅነቷ ከአያቷ ዳዊት ሲደገም የሰማችውን እንዳወቀችው ተናገረች። በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ያለቀሱት ምርኮኞች ኢየሩሳሌምን ብንረሳ ቀኛችን ትርሳን ያሉበት መዝሙር ነው። አዳራሹን የሞሉት ልጃገረዶችም ያንኑ መዝሙር ከአያቶቻቸው የሰሙ ናቸውና ቃሉ አጥንታቸው ድረስ ዘልቆ ይሆናል አለች። ስለ ክላራ ከተጻፈው ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው። አምስተኛው ግን መዝሙሩ 137 ነው ብሎ ሲያርም፣ ስድስተኛው 136 ነው፤ መጽሐፉን ሳትገልጥ አትረም ብሎ በቁጣ መለሰ። ሰባተኛው አስታረቃቸው። ቤተ ክርስቲያን የምትደግመው ዳዊት 136 ብሎ ይቆጥራል፤ በሌላው ቁጥር 137 ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ስምንተኛው መልስ ረጅምና ጠንካራ ነበር። ጸሐፊው አንዲትን ሴት ከፍ ለማድረግ ስንል ሌሎቹን እንዳናጠፋ አስጠነቀቀ። በማሳቹሴትስ በሎዌል የጥጥ ፋብሪካዎች ሴቶች በ1834 ደመወዝ ሲቀነስባቸው ሥራ ጥለው እንደወጡ፣ ሣራ ባግሊ በ1845 የሎዌል ሴት ሠራተኞችን ማኅበር እየመራች የሥራ ቀን አሥር ሰዓት እንዲሆን ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ኮሚቴ ቀርባ መመስከሯን፣ በለንደን የክብሪት ፋብሪካ ሴቶችና ልጃገረዶች በ1888 አድማ መትተው ማሸነፋቸውን ዘረዘረ። በኒው ዮርክም የሠራተኛ ታጋዮቹ ፖሊን ኒውማንና ሮዝ ሽናይደርማን ከክላራ ጎን እንደነበሩ ጨመረ። እርማቱን ተቀበልኩ። ነገር ግን ባግሊም ሆነች የክብሪት ሠራተኞቹ በተመሳሳይ መንገድ ነው የሚተረኩት፤ በደል በዛባቸው፣ ገነፈሉ፣ አለቀ። ስም ዝርዝር የጻፈው፣ መዋጮ የሰበሰበው፣ የታሰሩትን ያስፈታው ማን እንደሆነ አይነገርም ብዬ መለስኩለት።

ዘጠነኛው ላይ ነገሩ ሻከረ። አንድ ሰው ወንዶቹ መሪዎች የተጠራጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም ብሎ ጻፈ። ልጃገረዶቹ ባል ሲያገኙ ሥራውን ትተው ይሄዳሉ፤ ማኅበር የሚቆመው ዕድሜውን ሙሉ በሥራው ላይ በሚኖር ሰው ነው፤ ስለዚህ ማኅበሩን የገነቡት ወንዶች ናቸው አለ። አሥረኛዋ ጸሐፊ በጣም ተቆጣች። ከአድማው በፊት 25ኛው ቅርንጫፍ መቶ ገደማ አባላትና በካዝናው አራት ዶላር ብቻ እንደነበሩት፣ ከአድማው በኋላ ግን አባላቱ ከአሥር ሺህ በላይ መሆናቸውን አስታውሳ፣ ወንዶች ገነቡት የተባለው ማኅበር አራቱ ዶላር ነው ወይስ አሥሩ ሺህ አባል ብላ ጠየቀችው። ከዚያ በኋላ የጻፈችው የግል ስድብ ስለነበረበት ተነሥቷል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ጥያቄዋ ግን መልስ አላገኘም።

11ኛው ሀብታሞቹን ሴቶች አነሳ። የባንክ ባለቤቱ የሞርጋን ልጅ አን ሞርጋንና አልቫ ቤልሞንት ከአድማ መቺዎቹ ጋር መሰለፋቸውን፣ የዋስትና ገንዘብ መክፈላቸውን ጽፎ፣ ፖሊስ ባለ ፀጉር ካፖርት እመቤቶችን ሲያይ ዱላውን እንደሚሰበስብ፣ እነርሱ ሲሄዱ ግን ልጃገረዶቹን መልሶ እንደሚደበድብ ተናገረ። ለእርሱ ዋናው ቁም ነገር የእመቤቶቹ እርዳታ ነው። 12ኛዋ ደግሞ እርዳታው ዋጋ እንደነበረው ሳትክድ፣ ክላራ ራሷ በኋላ ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትሠራ ከባለጸጋ ሴቶች ጋር መግባባት አቅቷት ከሥራው መሰናበቷን አስታወሰች። ጥቂት ልቆይ ብላ ዝም ማለት የማትችል ሴት ነበረች።

13ኛው መልስ ላይ ልቆም እፈልጋለሁ፤ ከሁሉም ይልቅ ያስተማረኝ እርሱ ነውና። ጸሐፊዋ ከደቡብ የኢንዱስትሪ ፓርኮች በአንዱ የምትሠራ ኦፕሬተር ናት። አድማውን የጀመሩት አብዛኞቹ አይሁዳውያን ልጃገረዶች ስለነበሩ ስብሰባው በዪዲሽ ይመራ እንደነበር፣ ጣሊያናውያኑ ሴቶች ግን የሚባለው ስለማይገባቸው ዳር ላይ መቅረታቸውን አንብባለች። እርሷ በምትሠራበት ሼድ ማሳሰቢያ በአማርኛ ይለጠፋል፤ አለቃው በሌላ ቋንቋ ይናገራል፤ አስተርጓሚው የፈለገውን ያስቀራል። ከገጠር የመጡት ልጆች ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ እየተናገሩ አማርኛውን በግማሽ ይሰማሉ። አንድ ቀን ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲወራ ከጎኗ የተቀመጠች የ19 ዓመት ልጅ በሁለት እጆቿ የሸሚዙን አንገትጌ እንደያዘች ምን አሉ ብላ ጠየቀቻት። ለማስረዳት ዞር ስትል መኪናው ቆመ፤ ሱፐርቫይዘሩ የሁለቱንም ቁጥር መዝገብ ላይ ጻፈ። በዚያች ሰከንድ ከመርፌው ሥር የቀረው ጨርቅ ተጨማዶ ነበር፤ ዋጋውም ከልጅቷ ደመወዝ ተቆረጠ። በኒው ዮርክም ሠራተኞቹ መርፌና ክር ራሳቸው ይከፍሉ ነበር፤ ሲዘገዩም ይቀጡ ነበር ብላ ጨረሰች።

ከ14 እስከ 16 ያሉት አጫጭር ናቸው። አንዱ አዛኝ ነበር፤ አንዱ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠራ ጠየቃት፤ ሦስተኛው ሕጉን ጠቀሰላት። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ እንደሌለበት፣ አሥር ሠራተኞች ካሉ ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻል፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42ም ሴት ሠራተኞች ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው እንደሚደነግግ ጻፈላት። አሥር ሰው ብቻ። እርሷ ግን አሥሩን ማግኘት ቀላል ነው ወይ ብላ መለሰች።

17ኛው መልስ የአንዲት እናት ነው፤ የልጅ ልጃቸው እየጻፈላቸው የተላከ ነው። እማማ በወጣትነታቸው አቃቂ አካባቢ በጥጥ መፍተያ ሠርተዋል። የጥጥ ብናኙ በሽፋሽፍታቸው ላይ እንደ ዱቄት ይቀመጥ ነበር፤ ከሥራ ሲወጡ እርስ በርስ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠራረጉ ነበር። የፎርማኑ ቁልፍ ከቀበቶው ላይ ተንጠልጥሎ ሲሄድ ይቅጨለጨላል፤ ድምፁን ሲሰሙ ሁሉም ወሬ ያቆማል። ለሰው ልጅ የሚያሳዝነው ድካሙ አይደለም፤ በር ላይ ሲፈተሹ ደረታቸው ሲዳሰስ ዝም ማለታቸው ነው አሉ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ የሠራተኛ ማኅበራቱ ኮንፌዴሬሽን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ በጠራ ጊዜ እርሳቸውም ወጡ። ያን ቀን ከፋብሪካው በር ሲወጡ ማንም እንዳልፈተሻቸው ዛሬም አይረሱትም። አንቱ ብለው ብዙዎች አመሰገኗቸው፤ ከአሥር በላይ ሰው ጤና ይስጥልኝ ብሎ ጻፈ።

18ኛው ይህን ሰላም አደፈረሰ። ክላራ እ.ኤ.አ. በ1926 የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆናለች፤ በደርግ ዘመን ቤተሰቡን ያጣ ሰው እንዲህ ያለችን ሴት አመስግን አትበሉኝ ብሎ ጻፈ። ኮንፌዴሬሽኑ በ1968 ዓ.ም. ፈርሶ በምትኩ ከላይ የተቋቋመው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበር የመንግሥት እጅ እንደነበረ፣ ሠራተኛው የራሱን ተወካይ መምረጥ እንደተነፈገ አስታወሰ። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። እኔም ፓርቲዋን እንዲወድ አልጠየቅኩም። ክላራ የታገለችው ግን ሠራተኛው በራሱ ድምፅ እንዲናገር ነው፤ ከላይ የተሾመ ማኅበር ያንን ድምፅ መንጠቅ ስለሆነ የእርስዎ ቁጣና የእርሷ ትግል ሊጣሉ አይገባም ብዬ ጻፍኩለት። ሁለት ሰዎች ደገፉኝ፤ አንድ ሰው እኔንም ኮሙኒስት አለኝ።

19ኛው ጸሐፊ በእሳት አደጋ መከላከል ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። ይህ ክር እሳቱን ሳያነሳ ሊያልቅ አይችልም ብሎ ጀመረ። አድማው በየካቲት 1910 ሲያበቃ ከ300 በላይ ፋብሪካዎች ፈርመዋል፤ በሳምንት 52 ሰዓት ሥራ፣ መርፌና ክር በአሠሪው ወጪ። ትራያንግል የተባለው የሸሚዝ ፋብሪካ ግን ማኅበሩን አልቀበልም አለ። ማርች 25 ቀን 1911፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሊያበቃ ሲል በ8ኛው ፎቅ የቁርጥራጭ ጨርቅ ሣጥን ውስጥ እሳት ተነሳ። 8ኛው ፎቅ በስልክ ወደ 10ኛው አሳወቀ፤ ለ9ኛው የነገረ የለም። በ9ኛው ፎቅ ያለው አንደኛው የደረጃ በር ተቆልፎ ነበር፤ ሠራተኛ ጨርቅ ደብቆ እንዳይወጣ በአንድ በር ብቻ አስወጥቶ ለመፈተሽ ነው። የውጭው የብረት መሰላል ሰው ሲበዛበት ተገነጠለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መሰላል 6ኛው ፎቅ ላይ አለቀ። የአሳንሰሩ ሠራተኞች ነፍሳቸውን ለአደጋ አጋልጠው እየተመላለሱ ያወረዱት ብዙ ሰው ነው። 146 ሰው ሞተ፤ 123ቱ ሴቶች ነበሩ። ይህን ከጻፈ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፤ እርሱ በሥራው ወደ ፋብሪካ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው መኪናዎቹን አይደለም፤ በሩ ወደ ውጭ መከፈቱን ነው።

20ኛው ባለቤቶቹ ምን ሆኑ ብሎ ጠየቀ። ተከሰሱ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ነጻ ወጡ። በ1914 በፍትሐ ብሔር ክስ ለእያንዳንዱ ሟች 75 ዶላር እንዲከፈል ተስማሙ። ይህን የጻፈችው 21ኛዋ፣ ሮዝ ሽናይደርማን በሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት ለተሰበሰቡት ባለጸጎች ስለ ወዳጅነት ልናገራችሁ ብመጣ የሞቱትን መክዳት ይሆንብኛል ማለቷን አነሳች። እሳቱን በዓይኗ ያየችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ በ1933 የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስትር ሆነች፤ በካቢኔ ውስጥ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከእሳቱ በኋላ በተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ሥራ የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ከሠላሳ በላይ ሕጎች አወጣ።

22ኛው መልስ ኒው ዮርክ ከሚኖር ወንድማችን ነው። ሕንጻው ዛሬም ቆሞ የዩኒቨርሲቲ መማሪያ ሆኗል። በየዓመቱ ማርች 25 ሰዎች ሟቾቹ ይኖሩባቸው በነበሩት ቤቶች ፊት ለፊት መንገዱ ላይ በጠመኔ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ይጽፋሉ። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ እግሩ ስር 14 የሚል ቁጥር አየና ቆመ፤ ጫማውን አንስቶ ዞሮ አለፈ። ማታ ሲመለስ ዝናብ አጥቦት ነበር። እርሱ ያነሳው ደግሞ የክላራን የኋላ ዕድሜ ነው። ልጆች ካሳደገችና በብሩክሊን የቤት እመቤቶችን አስተባብራ በሥጋና በቤት ኪራይ ዋጋ ላይ ከታገለች በኋላ ወደ ስፌት ተመለሰች፤ በ1954 ጡረታ ስትወጣ ጡረታዋን ለማግኘት ከራሷ ማኅበር ጋር መከራከር ነበረባት። በመጨረሻም ሎስ አንጀለስ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ስትገባ አስተዳደሩ የእርሻ ሠራተኞች የጠሩትን ወይን ያለመግዛት አድማ እንዲደግፍ አግባባች፤ የሚንከባከቧት ሠራተኞችም እንዲደራጁ ረዳች። በ1982 በ96 ዓመቷ አረፈች። ድንገት የተነሳች ልጅ የተባለችው ይህች ናት።

23ኛው ርዕሱን ትቶ የስፌት መኪና ዘይት የት እንደሚሸጥ ጠየቀ፤ ሁለት ሰው መለሰለት።

24ኛውን የጻፈችው የኢንዱስትሪ ፓርኳ ኦፕሬተር ናት፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመለሰች። የእሳት አደጋ ሠራተኛውን መልስ ካነበበች በኋላ በምሳ ሰዓት በሼዷ ጀርባ ወዳለው የአደጋ ጊዜ በር ሄደች። በሩ አልተቆለፈም። ነገር ግን ወገብ ድረስ ካርቶን ተደርድሮበታል። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና ካርቶኖቹን ወደ ግድግዳው ገፉ፤ በማግስቱ ጠዋት ተመልሰው በሩ ላይ ነበሩ። ገፉ፤ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ያቺ የ19 ዓመት ልጅ ሳትጠራ መጥታ አብራ ገፋች። አሁን አራት ናቸው፤ የየቀኑን ቀንና ሰዓት በደብተር ጀርባ እየጻፉ ነው። ደብተሩ ማን ጋ ይቀመጥ ብላ ጠየቀችን።